ለጊደር የእምብርት ሄርኒያ የትኛው ሜሽ ይሻላል? ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስተር ወይስ አጎበር?

ሐኪም_ከሰላሌ

ሰላም ባልደረቦቼ። ምክር ፈልጌ ነው።

አንዲት የሆልስታይን ክልስ ጊደር አለች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። እምብርቷ ላይ ሄርኒያ አለ፣ የሆድ ጡንቻው ቀዳዳ ሆኖ የሆድ ይዘት ወደ ቆዳ ሥር ይወጣል። እብጠቱ ከተወለደች ጀምሮ ነበር። ባለቤቱ "ስታድግ ይጠፋል" ተብሎ ዝም አለ። አሁን ቀዳዳው አራት ጣቴን ገጥሜ ሳስገባ ቦታ ይተርፋል። ስለካው ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። በጀርባዋ ስናስተኛት ይዘቱ በእጅ ይመለሳል። ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ ታመነዥካለች።

በክር ብቻ ልዝጋው ብል ጠርዞቹ በደህና አይገናኙም። ቢገናኙም በጣም ተወጥረው ነው፣ ጡንቻውን ቀድዶት ይወጣል። ስለዚህ ሜሽ፣ ማለትም ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው ሠራሽ መረብ፣ ግድ ይላል። ችግሩ ዋጋው ነው። ለሰው የሚሸጠው ፖሊፕሮፒሊን ሜሽ ለገበሬ ከባድ ነው። አንድ ባልደረባዬ "አጎበር ቆርጠህ ቀቅለህ ተጠቀም" አለኝ። ሌላው ደግሞ ከሆስፒታል ያገኘው፣ ጊዜው ያለፈበት የፖሊስተር ሜሽ አለው።

በተለይ ሜዳ ላይ የምትሠሩ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቢሾፍቱ_ቀዶሐኪም

ወንድሜ፣ ሜሹን ከመምረጥህ በፊት እብጠቱ ውስጥ ምን እንዳለ አረጋግጥ። የጥጃ እምብርት ያበጠ ሁሉ ንጹህ ሄርኒያ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሄርኒያውና የቆየ የእምብርት መግል አንድ ላይ ይገኛሉ። ይዘቱን ወደ ሆድ ከመለስክ በኋላ ጣትህ ሥር የሚቀር ጠንካራ ነገር ካለ ጠርጥር። ወደ ጉበት የሚሄደው የእምብርት ደም ሥር ወይም ወደ ፊኛ የሚሄደው ዩራከስ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ካገኘህ እየው። መግል ካለ በዚያ ቀን ሜሽ አታስገባ። የተበከለውን አውጣ፣ ቁስሉ ይዳን፣ ሜሹ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ንጹህ ከሆነ ግን የእኔ ምርጫ ሞኖፊላመንት ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከአንድ ወጥ ክር የተሠራ፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን ማለቴ ነው። ምክንያቱ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። ባክቴሪያ ወደ 1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ይሆናል። ባክቴሪያን የሚውጡት ማክሮፌጅ የምንላቸው ሴሎች ግን ከ10 ማይክሮን በላይ ናቸው። የሜሹ ቀዳዳ ከ10 ማይክሮን በታች ከሆነ ባክቴሪያው ገብቶ ይደበቃል፣ ማክሮፌጁ ውጭ ይቀራል። የሄርኒያ ቀዶ ሐኪሙ አሚድ በ1997 ሜሾችን በቀዳዳቸው ስፋት ሲመድብ የተነሳው ከዚህ ነው። ቀዳዳቸው ከ75 ማይክሮን በላይ የሆኑትን አንደኛ ምድብ አላቸው። ማክሮፌጅም፣ አዲስ ደም ሥርም፣ ጠባሳ የሚሠሩ ሴሎችም ይገቡባቸዋል። ተራው ፖሊፕሮፒሊን እዚህ ነው ያለው። ስለዚህ ኢንፌክሽን ቢነሳ እንኳ ሜሹን ሳናወጣ አክመን የማዳን ዕድል አለን። በረት ውስጥ ለሚሠራ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

ፖሊስተሩን በተመለከተ፣ ሰውነት ይቀበለዋል፣ ለስላሳ ነው፣ ከአካሉ ጋር ይተጣጠፋል። ነገር ግን ብዙው ከቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። እንዲህ ያለ ክር ፈሳሽ እንደ ኩራዝ ክር ይስባል፣ ባክቴሪያውንም ይዞ ይገባል። ንጹህ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቢሆን ብዙም አልከራከርህም። ፍግ ባለበት ግቢ ግን አልመርጠውም።

ጊዜው ያለፈበት መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ፖሊስተርም ሆነ ፖሊፕሮፒሊን ቀኑ ስላለፈ ወዲያው አይበሰብስም። ያለቀው አምራቹ ለንጽሕናው የሰጠው ዋስትና ነው። ማሸጊያው ተቀድዶ ወይም ረጥቦ ከሆነ እርሳው። በሰውነት የሚሟሟ ሜሽ ከሆነ ደግሞ ማሸጊያው ደህና ቢሆንም አትንካው፣ ጥንካሬው ራሱ ይቀንሳል።

ወተት_ሰንዳፋ

እኔ አርቢ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ መሃል ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔን ጥጃ እብጠቱን ሥሩ ላይ በላስቲክ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። ደርቆ ወደቀ፣ ጥጃውም ዳነ። ምንም አላስወጣኝም። ለምን ይሄ አይሞከርም?

ቢሾፍቱ_ቀዶሐኪም

እህቴ፣ እንኳን ዳነልዎ። መንገዱ የታወቀ ነው። የሚሆነው ግን ቀዳዳው ሁለት ሦስት ጣት ብቻ ሲሆን፣ ይዘቱም ሙሉ በሙሉ ወደ ሆድ ሲመለስ ነው። ትንንሾቹ በሦስት አራት ወር ዕድሜ ውስጥ በራሳቸውም ይዘጋሉ። ይህችኛዋ 11 ሴንቲ ሜትር ነው። ላስቲኩ ቆዳውን ይገድለዋል፣ የጡንቻው ቀዳዳ ግን አይዘጋም። ቆዳው ሲወድቅ አንጀቷ መሬት ላይ ይወጣል። አንጀት አብሮ ከታሰረ ደግሞ ከዚያ በፊት ትሞታለች። ለትልቅ ቀዳዳ ማንም እንዲያስርልዎ አይፍቀዱ።

የሰው_ቀዶሐኪም_ጅማ

የሰው ሐኪም ነኝ፣ ወደዚህ ያመጣኝ የአጎበሩ ጉዳይ ነው። ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም፣ በደንብ ተፈትሿል። ግን ምን ዓይነት አጎበር እንደሆነ ሳይነገር ስለሚወራ ያስፈራኛል።

ሕንድ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ በምሥራቅ ዩጋንዳ ትልቅ ጥናት ተደረገበት። በ2016 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። 302 ወንዶች የብሽሽት ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ግማሹ በንግድ ሜሽ፣ ግማሹ በአጎበር ጨርቅ። ከዓመት በኋላ ሄርኒያው የተመለሰባቸው ከአጎበሩ ወገን አንድ ሰው፣ ከንግድ ሜሹ ወገን ማንም። የጎንዮሽ ችግሩም ተቀራራቢ ነበር። ለድሃ አገር ትልቅ ዜና ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል።

አሁን ግን ልብ በሉ። የተጠቀሙት ፀረ ትንኝ መድኃኒት ያልነካው የፖሊኢቲሊን ጨርቅ ነው። እኛ አገር በየቤቱ የሚታደለው አጎበር መድኃኒት የተነከረ ወይም ክሩ ውስጥ የገባበት ነው። ብዙውም የተገመደ ፖሊስተር ነው። እሱን ሆድ ውስጥ መስፋት ጨርሶ አይታሰብም። ደግሞ ያ አጎበር ወባን ለመከላከል ነው የተሰጠው፣ ልጆቹ ይተኙበት።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ፖሊኢቲሊን ቶሎ ይቀልጣል። ዩጋንዳ ላይ በ121 ዲግሪ ነው በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ፣ የተቀቀለው። 134 ላይ ካስገባኸው ተኮማትሮ ይወጣል። ፖሊፕሮፒሊን የተሻለ ሙቀት ይችላል። የሚገርመው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ፍራንሲስ አሸር ሂውስተን ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀመረበት ሜሽም ፖሊኢቲሊን ነበር። በኋላ ወደ ፖሊፕሮፒሊን ከዞረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሙቀት ነው። ሳቭሎን ወይም አልኮል ውስጥ መዘፍዘፍ ማምከን አይደለም። ይህን ለነርሶቻችንም ደጋግመን እንነግራለን።

ሦስተኛው ለእናንተ ከሁሉ ይበልጣል። ጥናቱ የብሽሽት ሄርኒያ ላይ ነው። እዚያ ሜሹ አንጀት አይነካም፣ ብዙ ክብደትም አይሸከምም። የላም ሆድ ወለል ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐኪም_ከሰላሌ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። "አጎበር" ሲባል ሰው ሁሉ ቤቱ ያለውን ነው የሚያስበው፣ እኔም ባልደረባዬም ጭምር። የመጨረሻው ነጥብዎ ከነከነኝ። ስትቆም ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው ሜሹ ላይ ነው።

ሚኒሶታ_ቬት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የምሠራው በፈረስና በወተት ላም ላይ ነው። የክብደቱ ጉዳይ ልክ ነው። የአዋቂ ላም የሣር ጨጓራ ብቻውን ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ጊደሯ ዛሬ ቀላል ናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አርግዛ ትቆማለች። ሜሹ ያንን ቀን መቻል አለበት። ለፈረስ ብዙዎች ፖሊፕሮፒሊኑን ሁለት እጥፍ አድርገው የሚሰፉት ለዚህ ነው።

በሰው ሕክምና አሁን ቀለል ያለ፣ ስስ ሜሽ እየተመረጠ ነው። ለሰው ምቾት ጥሩ ነው፣ ጠባሳውም ለስላሳ ይሆናል። ለትልቅ ከብት ግን ከባዱን፣ የድሮውን ዓይነት ፈልጉ። ርካሹም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ።

ናይለን መረብ የሚጠቀሙ አሉ፣ በተለይ እስያ ውስጥ። እኔ አልወደውም። ናይለን ሰውነት ውስጥ ዓመት በዓመት ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። ለቆዳ ስፌት ምንም አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ለሚሸከም ነገር ግን አይሆንም።

ኢ-ፒቲኤፍኢ፣ ጎር-ቴክስ በሚለው ስም የምታውቁት፣ አንጀት ብዙም አይጣበቅበትም። ጠንካራ ጎኑ ይሄ ነው። ቀዳዳው ግን በጣም ጠባብ ስለሆነ አንዴ መግል ከያዘ መውጣት አለበት። በዚያ ላይ ውድ ነው።

በሰውነት የሚሟሟው፣ ለምሳሌ ፖሊግላክቲን 910፣ ለእንዲህ ያለው ሄርኒያ አይመከርም። በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጥንካሬውን ያጣል። የሆድ ጡንቻ ሽፋን ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ሜሹ ሥራውን ሳይጨርስ ይሄዳል፣ ሄርኒያው ይመለሳል። የተበከለ ሆድ ለጊዜው ለመሸፈን ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለዘለቄታው ግን አይደለም።

ከእንስሳ አካል የሚዘጋጁም አሉ። በጣም የታወቀው ከአሳማ ትንሹ አንጀት የሚወሰደው ሽፋን ነው። ሴሎቹ ታጥበው ኮላጅኑ ብቻ ይቀራል፣ የታካሚው ሴሎች ገብተው ቀስ በቀስ ይተኩታል። ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ ከፕላስቲኩ የተሻለ ይቋቋማል ይባላል፣ ለውሻና ለድመትም ይሠራበታል። ለትልቅ ከብት ግን ሲሟሟ ሊለጠጥ ይችላል፣ ዋጋውም አይቀመስም። እኛ አገር ብትጠቀሙበት ደግሞ ከአሳማ መሆኑን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ማወቅ ይፈልጋል፣ መብቱም ነው።

ጎንደር_5ኛ_ዓመት

ጥያቄ አለኝ፣ ተማሪ ነኝ። ፖሊፕሮፒሊን አንጀት ላይ ይጣበቃል ተብለን ተምረናል። ታዲያ እንዴት ነው አንደኛ ምርጫ የሆነው?

ቢሾፍቱ_ቀዶሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው። የተማርከው ልክ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ቁጣ ይቀሰቅሳል፣ ጠባሳ በፍጥነት ያበቅላል። ጡንቻው በኩል ይህ ጥሩ ነው፣ የሚያጠነክረው እሱ ነው። አንጀት በኩል ሲሆን ግን አንጀቱን ይይዘዋል፣ ሲብስም ይበሳዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር አቀማመጡ ነው። አንጀት እንዳይነካው አድርገህ ታስቀምጠዋለህ።

እንዴት? ቆዳውን በሞላላ ቅርጽ ትቆርጣለህ። የሄርኒያውን ከረጢት ግን አትክፈት። ከቆዳውና ከዙሪያው በጣትህና በመቀስ ቀስ ብለህ ትለየዋለህ፣ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ። ከዚያ ከረጢቱን እንዳለ ገልብጠህ ወደ ሆድ ትመልሰዋለህ። አሁን በአንጀትና በሜሹ መካከል የራሷ የጊደሯ ሽፋን አለ። ምንም ዋጋ የማይጠይቅ፣ ከየትኛውም ፋብሪካ የተሻለ ሽፋን ነው።

ከረጢቱን መክፈት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በጥጆች ላይ አቦማሰም የምንለው አራተኛው ጨጓራ ከረጢቱ ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል። ያን ጊዜ ከፍተህ ታላቅቀዋለህ። ከዚያ የሆድ ሽፋኑን መልሰህ ስፋው። ካልበቃ ሞራውን ጎትተህ ከሜሹ ሥር አንጥፈው። ሞራ ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚያሰኝ ነገር አለው፣ ራሱ ሄዶ ይሸፍናል።

ሜሹ ከቀዳዳው ጠርዝ በሁሉም አቅጣጫ ቢያንስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ልክ በልክ አትቁረጠው፣ ሜሽ ሰውነት ውስጥ ይኮማተራል። ከመቁረጥህ በፊት በሁለት አቅጣጫ ጎትተህ ሞክረው። አብዛኛው በአንድ በኩል የበለጠ ይለጠጣል። ስፌቱ ፖሊፕሮፒሊን ቁጥር 1 ወይም 2፣ ተራ በተራ የተቋጠረ፣ ከጠርዙ ራቅ ብሎ ደህናው ጡንቻ ላይ። በሰውነት የሚሟሟውን የካትገት ክር እንዳታስብ። ጠርዙን ከሜሹ በላይ በትንሹም ቢሆን ማቀራረብ ከቻልክ አቀራርብ። ቆዳው ሥር ባዶ ቦታ አትተው፣ ውኃ የሚቋጠረው እዚያ ነው።

እጅህ በተቻለ መጠን ሜሹን አይንካ። ቆዳው ሁሉ ታጥቦ፣ ጓንት ተቀይሮ ነው ማሸጊያው የሚከፈተው። ፔኒሲሊኑ ከመቁረጥ በፊት ይሰጥ፣ ከቆረጥክ በኋላ ሳይሆን።

ቤት_እንስሳ_አዲስ

ከውሻና ድመት በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ሲነካከሱ የሆድ ግድግዳቸው ተቀድዶ የሚመጡ ውሾች አሉ። እዚያ ሜሽ አላስገባም። የጥርስ ቁስል የተበከለ ነው። የሞተውን ሥጋ አጽድቼ በራሱ ጡንቻ እዘጋለሁ፣ በሞኖፊላመንት ክር። የአሮጌ ወንድ ውሻ የፊንጢጣ ዙሪያ ሄርኒያም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የራሱን ጡንቻ አንስተን እናዞራለን፣ ሜሹ የሚመጣው ያ ካልበቃ ነው። የራስ አካል እያለ ባዕድ ነገር አይቅደም እላለሁ።

ሐኪም_ከሰላሌ

በቀንድ የተወጋ በሬስ? ባለፈው ሳምንት አንድ መጥቶልኛል። ቆዳው ደህና ነው፣ ጎኑ ላይ ጡንቻው ተቀድዶ አንጀቱ ከቆዳ ሥር ወርዷል። ባለቤቱ ለእርሻ ቶሎ እንዲደርስለት ይፈልጋል።

ሚኒሶታ_ቬት

አንጀቱ ካልታነቀ አትቸኩል። አሁን ብትከፍተው ጡንቻው ያበጠና የደማ ነው፣ ስፌት አይዝልህም። ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቅ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ጠባሳ ይዞ ይጠንክር። በፈረስ ሁለት ሦስት ወርም እንጠብቃለን። እስከዚያ ሆዱን በሰፊ ጨርቅ አስረህ ያዘው። መኖ ማቆም፣ መንፈራገጥ፣ ሆድ መነፋት፣ ሰገራ ማጣት ካየህ ግን ያንኑ ቀን ክፈተው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቢሆን ቀንበር ለወራት አይነካውም። ይህን ባለቤቱ ከመጀመሪያው ይስማ። ዘንድሮ ሌላ በሬ መፈለግ አለበት። ካልተስማማ ሜሽ ላይ ገንዘብ እንዲያወጣ አትምከረው።

ወተት_ሰንዳፋ

ስለ ጊደሯ አንድ ጥያቄ። ከዳነች በኋላ ማስጠቃት ይቻላል አይደል? ወተት የምትሰጥ ዘር ናት።

ቢሾፍቱ_ቀዶሐኪም

ይሄን ማንም ባያነሳው ኖሮ እኔ ላነሳው ነበር። የእምብርት ሄርኒያ በሆልስታይን ላይ በዘር ይተላለፋል። ሁሉም አይደለም፣ ከእምብርት ኢንፌክሽን የመጣም አለ። ግን ከተወለደች ጀምሮ የነበረና ንጹህ ከሆነ ዘር ብለህ ጠርጥር። ለራሷ ወተት ትኑር፣ ትውለድም፣ የምትወልደውን ወይፈን ግን ለኮርማነት አታሳድጉት። አባቷም ማን እንደሆነ ይታወቅ። የአንድ ኮርማ ጥጆች ላይ ተደጋግሞ ከታየ ለአዳቃዩ መንገር አለብን። ሜሹ የእሷን ሆድ ነው የሚዘጋው፣ የጥጆቿን አይደለም።

ወተት_ሰንዳፋ

እሱ ይከብዳል ዶክተር። ሌላው አርቢ ኮርማዬን አጠፋህብኝ ብሎ ይጣላል። ግን ገባኝ። በእኛ ቀበሌ የአንዱ ኮርማ ጥጆች ሦስቱም እንዲህ ናቸው፣ ዝም ብለን ነበር።

ሐኪም_ከሰላሌ

አዲስ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቱን አነጋገርኩት። አጎበሩን ትተን ገንዘብ አዋጥቶ ፖሊፕሮፒሊን ገዛ፣ ከባዱን ዓይነት። ጊደሯን አንድ ቀን ሙሉ ከመኖ ከልክዬ አደርኩ። ዛይላዚን የተባለውን ማፍዘዣ በትንሹ ሰጥቼ፣ ዙሪያውን በሊዶካይን አደንዝዤ፣ በጀርባዋ አስተኝቼ ሠራኋት። መግል የለም። ከረጢቱ አንድ ቦታ አቦማሰሙ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ከፍቼ አላቀቅኩት፣ ሽፋኑን መልሼ ሰፋሁ፣ ሞራውን ከሥሩ አነጠፍኩ። ሜሹ በሁሉም በኩል አራት ጣት ያህል ይተርፋል። በነጋታው ተነሥታ በላች።

አሁን ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ቦታው ላይ ለስላሳ እብጠት አለ፣ እንቁላል የሚያህል። አያምም፣ አይሞቅም። ባለቤቱ ተደናግጦ "ተመልሷል" እያለኝ ነው። በመርፌ ሳብ ላድርገው?

ቢሾፍቱ_ቀዶሐኪም

በጣም ጥሩ ሠርተሃል። በመርፌ አትንካው። ያ ሴሮማ ይመስላል፣ ከሜሹ በላይ የተቋጠረ ውኃ ነው። ሜሽ ከገባ በኋላ የተለመደ ነው፣ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይመጠጣል። መርፌ ብታስገባ አንተ ራስህ ባክቴሪያውን ሜሹ ላይ ታደርሰዋለህ።

ሄርኒያው መመለሱን ለማወቅ በጣትህ ጠርዙን ዳስስ። ሜሹ ተወጥሮ ከተሰማህና እብጠቱ ወደ ሆድ የማይመለስ ከሆነ ውኃ ነው። ጠዋትና ማታ ትኩሳቷን ለካ። ከ39.5 ካለፈ፣ ቦታው ከሞቀ ወይም መኖ ከቀነሰች ደውልልኝ፣ አልትራሳውንድ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ጠባብ በረት፣ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ድርቆሽ በመጠኑ፣ ፉርሽካ አታብዛ፣ ሆዷ አይነፋ። ከሌሎቹ ጋር አትለቀቅ፣ በቀንድ ይገፏታል።

ሐኪም_ከሰላሌ

እሺ ዶክተር። ዳስሼዋለሁ፣ ጠርዙ ጠንካራ ነው፣ ወደ ውስጥም አይመለስም። የማታው ትኩሳት 38.7 ነው። ባለቤቱንም አረጋግቼዋለሁ። የበሬው ባለቤት ግን ነገ ይመጣል፣ እስከ ክረምቱ ማብቂያ እንዲጠብቅ ላሳምነው ነው።